እትዬ ኦፕሬተር ያስተላለፉት ወሬ

እትዬ ኦፕሬተር ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ተቀምጠው ስልክ ያገናኙ ነበር። ደዋዩን ካገናኙ በኋላ ማዳመጫውን ወዲያው ከጆሯቸው ያወርዳሉ፤ የሰው ወሬ ማዳመጥ በእሳቸው ቤት ነውር ነው። አለቃው ከሚስቱ መጣላቱን ሕንፃው ሁሉ ሲያወራ፣ በየቀኑ የሚያገናኟቸው እትዬ የሰሙት መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱንም ከጽዳት ሠራተኛዋ።

ጡረታ ሲወጡ ስልኩ ዝም አለ፤ ዝምታውም ክፉኛ ጎዳቸው። ልጃቸው ዘመናዊ ስልክ ገዝቶ ሲሰጣቸው ግን ነፍስ ዘሩ። የጸሎት መልእክት በሉት፣ የነጭ ሽንኩርት መድኃኒት በሉት፣ የጠፋ መታወቂያ በሉት፣ የደረሳቸውን ሁሉ ለሰፈሩ ያስተላልፋሉ። ያነቡታል ወይ? ኧረ የት ተነቦ! የድሮ ደንባቸው ነው፤ ማገናኘት እንጂ ማዳመጥ የለም።

ጎረቤት ነኝና ስልኬ ሲንጫጫ ይውላል። አንድ ቀን፣ "እትዬ፣ ይህን ሁሉ ለምንድነው የሚልኩልን?" አልኳቸው።

"ሰው አስታውሶኝ የላከልኝን እኔ ጋ ላስቀረው? ደግሞ ስልክላችሁ 'እግዜር ይስጥልን' ትሉኛላችሁ። ካልላክሁ ማን ያስታውሰኛል?"

እውነታቸውን ነው። ግማሾቻችን የምንልከው ወሬውን አምነንበት ሳይሆን፣ መኖራችን እንዳይረሳ ነው።

ልጃቸው መንገዱን ተሻግሮ ዳቦ ቤት አለው። አንድ ጠዋት ግን ደጁ ጭር አለ። ትኩስ ዳቦ እንደተደረደረ ትቶ፣ ሽርጡን እንኳ ሳይፈታ እናቱ ቤት መጣ። እኔም እዚያው ነበርኩ።

"እማዬ፣ ዳቦው መርዝ አለው ብለሽ ለሰው ሁሉ ላክሽ?"

"እኔ? ምላሴ ይቆረጥ!"

ስልኩን አሳያቸው። የዳቦ ቤቱ ፎቶ ነው፤ ልጆች በልተው ታመሙ ይላል፤ ከሥሩ "ለምትወዱት ሁሉ አድርሱ" የሚል አለበት።

"ስለምትወጂኝ መሰለኝ ለእኔም ልከሽልኛል" አለ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እሱ ግን የራሱን ሐሜት የሰማው ከወላጅ እናቱ ነው።

"አላነበብኩትም፣ ልጄ።"

"እንዳላነበብሽው አጥቼው ነው? ሰዉ ግን 'እናቱ እንኳ ካሉ' ብሎ አመነ። በዚህ ከቀጠለ እዘጋለሁ።"

እትዬ ስልካቸውን አነሱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሳቸው ቃል ጻፉ፦ "የታመመ ልጅ የለም፤ ውሸት ነው። ሳላነብ ነው የላክሁት፤ ይቅር በሉኝ። የልጄን ዳቦ ዛሬም በልቻለሁ።" ለሁሉም ላኩት።

መልሱ ወዲያው ይንጠባጠብ ጀመር። እትዬም አንድ በአንድ አነበቡት።

"ምን አሉ?" አለ ልጃቸው።

እትዬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በአፉ ደፉት።

"'እናቱ አይደሉ፣ ሌላ ምን ይበሉ' ይላሉ።"