ሰው ሳይሞት መሮጥ

ሐኪሙ የስኳር ውጤቴን አየና «እንግዲህ ወይ ትሮጫለሽ፣ ወይ ዓይንሽን ትሰናበቺዋለሽ» አለኝ። ሳቀም። ዓይኑ የእሱ ቢሆን ኖሮ ይስቅ እንደሆነ እንጃ።

እንጅባራ ላይ ጎህ ሲቀድ መሮጥ ማለት ሞቅ ካለ ብርድ ልብስ ወጥቶ በረዶ ውሃ ውስጥ መግባት ነው። ጭጋጉ ከከሰል አክሳዮቹ ጭስ ጋር ተደባልቆ ደረት ላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ ሰሞን የሮጥሁት ሐኪሙን እየረገምሁ ነበር። ሰውነቴ ከባድ ነው፤ የባጃጅ ሾፌሮቹ «እትዬ፣ ጎማው ተንፍሷል፤ እናድርስዎት?» ይሉኛል። «እናትህን አድርሳት!» እላለሁ። ከዚያ ስናደድ ትንሽ እፈጥናለሁ።

ግምጃ ቤት ወደምትባለው ከተማ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማው ጫፍ፣ አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አንድ ልጃቸው ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርዶ ስልኩ ከተዘጋ ከርሟል። ይህን ሁሉ ግን ያኔ አላውቅም። በመጀመሪያው ቀን በደጃቸው ሳልፍ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወገባቸውን ታጥቀው በራቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«ንገሪኝ፤ ቁሜ ልስማው» አሉኝ።

«ምኑን እማማ?»

«የልጄን ነገር ነዋ! በዚህ ሰዓት መርዶ የያዘ ካልሆነ ማን ይሮጣል?»

እውነታቸውን ነው። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ገና ሳይነጋጋ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣና እህል ሳይቀምስ ነው። የምሮጠው ለስኳሬ እንደሆነ ነገርኋቸው።

«ሰው ሳይሞት?» አሉና በአገውኛ አወረዱብኝ። እኔ ከወደ ቡሬ የመጣሁ ነኝ፤ አገውኛ አልሰማም። ምርቃት እንዳልነበር ግን አልጠፋኝም።

በማግስቱም ቆመው ነበር፤ ከዚያ ወዲያም። ፊቴን እስኪለዩ ድረስ የበሩን መቃን ይዘው ይጠብቁኛል። በመጨረሻ በሌላ መንገድ እንድሄድላቸው ለመኑኝ። በሌላው መንገድ የጅብ ግልገል የሚያካክሉ ውሾች አሉ።

«ለእርስዎ ልጅ ብዬ እኔ በውሻ ልበላ?» አልኋቸው። አፌ እንዲህ ነው፤ እናቴ ስትሞት እንኳ ስለ አፌ እየተማረረች ነው የሞተችው።

አሮጊቷ አልተቆጡም። «እንግዲያው ብቻሽን ነይ» አሉኝ። «ሰው አታስከትይ። የአንድ ሰው ኮቴ ከሆነ አንቺ ነሽ ብዬ እከፍታለሁ። ኮቴ ከበዛ ግን ለእግዜርም ቢሆን አልከፍትም። እኔ ካልሰማሁት ልጄ አልሞተም።»

ከዚያ ወዲህ የቆሙት ሊሰሙ ሳይሆን ሊያዩኝ ሆነ። ሟች ባላቸው ለበዓል በፈረስ የሚጋልቡ ሰው ስለነበሩ፣ አሮጊቷ ከእግር አጣጣል በቀር ሌላ ነገር አያዩም። «የጭነት በቅሎ!» ይሉኛል በሳቅ። «ኧረ እግርሽን አንሺው፣ አትጎትቺው!» አንድ ቀን ግን እግሬን ካዩ በኋላ «ሶምሶማ! ሶምሶማ ረገጥሽ!» ብለው አጨበጨቡ። ፈረስ በልኩ ዱብ ዱብ እያለ ሲሮጥ የሚባለው ነው። የዚያን ቀን ብርዱ ጣፈጠኝ። ትንፋሼ ከእግሬ ጋር ተስማማ፤ ጭጋጉ ደረቴን መጫኑን ተወ። ወደድሁት። ማታ የምተኛው ነገ እንደ ዓመት በዓል እየናፈቀኝ ሆነ። ስኳሬም ወረደ፤ ሐኪሙ ደግሞ የእሱ ሥራ ይመስል ኩራት ኩራት አለው።

አጨዳው ካለቀ በኋላ፣ አንድ ቀን ከሥራ ስገባ የሰፈሩ ዕድር ዳኛ በራፌ ላይ ጠበቁኝ። የአሮጊቷ ልጅ ቆላ ላይ በወባ ሞቶ እዚያው ተቀብሯል፤ ወሬው የደረሰው በዚያው ቀን ነበር።

«ኮቴ ከበዛ አትከፍትም፤ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግራለች። ነገ አንቺ ቅደሚ፤ እኛ ሽማግሌዎቹ ጫማችንን አውልቀን ከኋላሽ እንመጣለን» አሉኝ።

«እኔን ወጥመድ ልታደርጉኝ ነው?»

«ታዲያ ነገ ገበያ ወጥታ ከጨው ነጋዴ አፍ ትስማው?»

እውነታቸውን ስለነበር ጠላኋቸው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሮጥሁ። ሽማግሌዎቹ በሣሩ ዳር ዳር በባዶ እግራቸው ይከተሉኛል። ወደ አሮጊቷ ደጅ ስቃረብ ምናልባት ይጠረጥሩና በሩን ይዘጉት ይሆናል ብዬ እግሬን ልጎትት፣ ልደናቀፍ ሞከርሁ። እግሬ እሺ አላለኝም። የለመደውን፣ ያስተማሩትን ይረግጣል፤ አሳምሮ ይረግጣል። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አሳምሬ ሮጬ አላውቅም።

ሳላንኳኳ በሩ ተከፈተ። አሮጊቷ በፈገግታ ወጡ፤ ሊያጨበጭቡ እጃቸውን አንስተዋል። ከዚያ ከኋላዬ አዩ። ሽማግሌዎቹን ያዩት ለአፍታ ነው፤ ዓይናቸውን መልሰው እግሬ ላይ ተከሉት። አላለቀሱም፤ ገና አላለቀሱም።

«ያንቺ ኮቴ ነው ብዬ እኮ ነው የከፈትሁ» አሉኝ።