ፎቶው የፈረደበት እጅ

የራስ ቅሌን ውስጥ ፎቶ የተነሳሁት በደርግ መጨረሻ ዓመታት ነው። ከጎንደር ልብስ ሰፊዎች መካከል በዚህ የሚቀድመኝ የለም፤ በመላ ኢትዮጵያም ይኖራል ብዬ አላምንም። ሌላው ሰው ፎቶ ሊነሳ ሲል ፊቱን ይታጠባል፣ ፀጉሩን ያበጥራል። የእኔ ፎቶ የሚያሳየው ከፀጉር በታች ያለውን ስለሆነ ሳልታጠብ ገባሁ።

ነገሩ የጀመረው ሚያዝያ ላይ ነው። በልብስ ሰፊዎች ማኅበራችን ሱቅ የካኪ ሱሪ እየሰፋሁ ሳለ ግራ እጄ ጨርቁን ለቀቀች። «ያዢ እንጂ!» ብላት አትሰማም። እግሬን ከመርገጫው ላነሳ ስል እሱም ከድቶኛል። ከወንበሬ ስወድቅ የተሰማው ድምፅ ግንብ የተናደ ያህል ነበር፤ ቢያንስ እኔ የሰማሁት እንደዚያ ነው። አፌ ብቻ ደህና ቀረ። ጠላቶቼ ተስፋ የቆረጡት ያን ጊዜ ነው።

ጎረቤቱ «ምች ነው»፣ «ጥላ ወጊ ነው» ሲል ባለቤቴ ከጠበሉም ከሆስፒታሉም አደረሰችኝ። ሁለቱም ዘንድ ወረፋ ነበር። የሆስፒታሉ ሐኪም የጭንቅላቴ ደም ሥር ተደፍኖ ግራ ጎኔን እንዳሰረው ነገረንና፣ አዲስ አበባ የጭንቅላትን ውስጥ የሚያነሳ ማኪና መግባቱን ሰምቶ ስለነበር የጉዳቱ ልክ እንዲታይ ወደዚያ ላከኝ። አውቶቡሱ ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችውን ጠዳን ሳያልፍ ባለቤቴ «እንዴት ነህ?» ማለት ጀመረች፤ አዲስ አበባ እስክንገባ አላቋረጠችም። ተሳፋሪው በሙሉ ስለ ጤናዬ ከእኔ የበለጠ አወቀ።

ማኪናው እንደ ወፍጮ ድንጋይ መሀሉ ክፍት ነው፤ ልዩነቱ የሚያስገቡት እህል ሳይሆን የሰው ራስ መሆኑ ነው። «አይንቀሳቀሱ» አሉኝ። ግማሽ አካሌ ትእዛዙን ከወር በፊት ጀምሮ እየፈጸመ ነበር።

ፎቶውን ያሳየን ውጭ አገር የተማረ ወጣት ሐኪም ነው። በመብራት ላይ ሰቀለው። ግራጫ ነገር፣ እጥፍ በእጥፍ፤ ከአንድ ወገን ግን ጠቆር ያለ ቦታ አለበት። ካውያ ተረስቶበት ያረረ ሸሚዝ መሰለኝ። የቀኝ ጭንቅላት የግራን ጎን እንደሚያዝ፣ ያረረውም የእኔ ቀኝ እንደሆነ አስረዳን።

«ጋሼ፣ እግርዎ ይመለሳል። በዱላም ቢሆን ይሄዳሉ።»

«እጄስ?»

«እጅን የሚያዘው ቦታ ይኸ የጠቆረው ነው። እውነቱን ልንገርዎ፤ ጨርቅ የሚይዝ፣ ክር የሚያጠልቅ እጅ ይሆናል ብለው አይጠብቁ።»

«ዶክተር፣ ፎቶ ያለፈውን እንጂ የሚመጣውን ሲናገር አላየሁም። በጎረምሳነቴ የተነሳሁት ፎቶ ጎፈሬዬን አሳየ እንጂ ራሰ በራ ትሆናለህ አላለኝም።»

ሳቀ። «የተቃጠለ ቤት ፎቶ ቢያዩ ግን ሰው እንደማያድርበት ያውቃሉ።»

«እኔ የጎንደር ሰው ነኝ። የተቃጠለ ግንብ ስንት መቶ ዓመት ቆሞ እያየሁ ነው ያደግሁት።»

«መቆሙንስ ይቆማል። ማን ይኖርበታል?»

ያን ቀን እሱ ረታኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያየውን ነው የነገረኝ። እኔ ግን ከወንበሩ ሳልነሳ በልቤ «ይግባኝ» አልሁ።

ጎንደር ስንመለስ ፎቶውን እንደ ታቦት አክብሬ ይዤ፣ ባለቤቴ እየደገፈችኝ ወደ ሱቁ ሄድሁ። ልብስ ሰፊዎቹ ከመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግተው ከበቡት።

«ይህ ሁሉ ሽንሽን ለአንድ ራስ?» አለ አንዱ። «ለሙሽራ ቀሚስ እንኳ አይወጣም።»

ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጠው፣ ሁላችን «አያ» የምንለው ሰፊ ፎቶውን ነጥቆ ገለበጠው፤ እንደ ጨርቅ ገጹንና ግልባጩን በጣቱ ዳሰሰ። «አታስፈራሩት» አለ። «ያረረው ዳሩ ነው። መሀሉ ቢሆን ነበር መፍራት። ዳሩ ያረረ ጨርቅ ገባ አድርገህ ታጥፍና ትሰፋዋለህ፤ ትንሽ ይጠባል እንጂ ይለበሳል።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አንዱም አልገባውም፤ ቢሆንም ከሐኪሙ ምርመራ ይልቅ የእነሱ ደስ አሰኘኝ።

በዚህ መሀል የማኅበሩ ሊቀመንበር ገባ። ድሮ አብሮን ይሰፋ የነበረ፣ ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ መርፌ ሳይሆን መፈክር ብቻ የሚያጠልቅ ሰው ነው።

«ሐኪሙስ ምን አለ?»

ልዋሽ አፌን ስከፍት ባለቤቴ ቀደመችኝ። ሴትዮዬ መዋሸት አልፈጠረባትም። «እጁ ለስፌት አይመለስም ነው ያለው» አለች።

ሊቀመንበሩ የስፌት ማኪናዬን ተመለከተ። ዓይኑ ከማን ጋር እንደሚነጋገር ሁላችን እናውቃለን፤ ከሳንጃ የመጣ የሚስቱ ዘመድ ማኪና ይጠብቅ ነበር።

«ጓድ» አለኝ፣ «እናዝናለን። ማኪናዋ የማኅበሩ ናት፤ ሥራ መፍታት የለባትም። ሳይንስ ተናግሯል፤ እኛ ከሳይንስ ጋር አንጣላም።»

ያቺ ማኪና ማኅበሩ ሲቋቋም ከቤቴ አሸክሜ ያስገባኋት የራሴ ማኪና ናት። ከባለቤቴ በፊት የማውቃት እሷን ነው። ከእሷ ሌላ ሥራ አላውቅም፤ እሷ ከሄደች ቤቴ የሚቀረው አፌ ነው፣ አፍ ደግሞ ይበላል እንጂ አያበላም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሳይንስ የተናገረው ስለ እጄ ነው» አልሁ። «እጄ ገና መልስ አልሰጠችም።»

«ምነው ጓድ፣» አለ አያ፣ «ሰው ሳይሞት ተዝካር? ክረምቱ ይውጣና በስብሰባ ይወሰን እንጂ።»

እንዲህ ሆኖ እስከ መስከረም ተራዘመ።

ክረምቱን ሙሉ በቀሐ ወንዝ በኩል ካለው ቤታችን መስኮት ሥር ተቀምጬ ምስር ለቀምሁ። ባለቤቴ ቀኝ እጄን ከወገቤ ጋር በመቀነት ታስረዋለች፤ አለዚያ እንደ ካድሬ በማያገባው እየገባ የግራዋን ሥራ ይቀማታል። ግራዋ መጀመሪያ ምስሩን ከመበተን በቀር የምታውቀው አልነበረም። እንደ እልኸኛ በቅሎ ሰደብኋት፣ ለመንኋት፣ የሹመት ተስፋም ሰጠኋት። የምስር ወጣችን ጠጠር በጠጠር ሆነ፤ ያን ክረምት የዋጥሁት ድንጋይ አንድ ግንብ ያቆማል።

«ኧረ ዘመን! ወንድ ልጅ ምስር ለቃሚ ሆነ?» ትለኛለች ጎረቤታችን በአጥር ላይ ብቅ ብላ።

«አብዮቱ የሴቶችን ጭቆና አጥፍቷል። አልደረሰሽም?»

«እኔ ቤት ገና አልደረሰም። ምስሩን ስትጨርስ ያንተን ግራ እጅ ላክልኝ!»

ነሐሴ ሲገባ፣ ዝናቡ ጣሪያውን በሚደበድብበት አንድ ከሰዓት፣ አውራ ጣቴ ተንቀሳቀሰችና ከጠቋሚዋ ጋር አንዲት ነገር ይዛ ከሰፌዱ ብድግ አደረገች። ቀርቤ ሳያት ምስር አይደለችም።

«ጠጠር ነው!» አልሁ ተናድጄ።

«የሚለቀመው ጠጠሩ ነው እኮ፣ አንተ እብድ!» አለች ባለቤቴ፣ ሰፌዱን ከጭኔ ላይ ልትደፋው ምንም አልቀራት። ከዚያ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ እሳቱን ቆሰቆሰች። እኔም ያን ቀን ግራዬን አልሰደብኋትም፤ ይህ በታሪካችን ተሰምቶ አይታወቅም።

ለማንም አልነገርንም።

መስከረም ላይ ስብሰባው ተጠራ። በዚያ ዘመን ስብሰባ ያለ ግራ እጅ አይከፈትም። ሁሉም ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ እየወረወረ መፈክሩን ያስተጋባል። የእኔ ግራ ጋቢዬ ውስጥ ተኛች። ሊቀመንበሩ አየኝ፣ በኀዘኔታም አለፈኝ፤ ፎቶ አለኛ! በከተማው ውስጥ ቡጢ ላለማንሳት የሳይንስ ፈቃድ ያለው ሰው እኔ ብቻ ነበርሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

መፈክሩ አልቆ ጉዳዬ ተነበበ። «ማኪናዋ ለሌላ አባል ትዛወር የሚል?» አለ ሊቀመንበሩ። አንዳንዱ እጁን ወዲያው አወጣ፣ ሌላው የጎረቤቱን አይቶ፣ አያ ግን ኮርኒሱን ያይ ነበር።

«የሚቃወም?»

ማንም የለም። ጋቢዬን ገለጥሁና ግራ እጄን አነሳሁ። ክርኔ ተንቀጠቀጠ፤ እጄም እስከ ጆሮዬ እንጂ ከዚያ በላይ አልሄደችም። ግን ተነሳች።

ሊቀመንበሩ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

«ለመፈክር ያልተነሳ እጅ ለማኪና ተነሳ?»

በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ሰው ከቤቱ ተወስዷል። አፌ ግን፣ እንደ ነገርኋችሁ፣ ደህና ነበር።

«ጓድ፣ ገና ለማጅ ናት። መፈክሩን ለማንሳት ቡጢ መጨበጥ አለባት፤ ይህን ፎቶው ከልክሏታል። እኛም ከሳይንስ ጋር አንጣላም።»

መጀመሪያ የሳቀው አያ ነው። እሱ ሲስቅ እጁም ከእኔ ጋር ለተቃውሞ ተነሳ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው፤ ቅድም ለሊቀመንበሩ እጃቸውን ያወጡት ሳይቀሩ፣ እጅ ማንሳት የለመደባቸው ናቸውና።

«ማንሳት ሌላ፣ መስፋት ሌላ!» ብሎ ጮኸ ሊቀመንበሩ። «ሰፍቶ ያሳይ!»

ከማኪናዬ ፊት አስቀመጡኝ። የካኪ ኪስ ሰጡኝ። በቀኜ መዘውሩን አዞርሁ፤ ግራዋ በሦስት ጣቷ ጨርቁን ቆንጥጣ ገፋች። ሁለት ጊዜ አመለጣት። ሁለት ጊዜም ሰደብኋትና መለስኋት። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ነጠላዋን ነክሳለች። ክሩን ስበጥስ አያ ኪሱን ተቀብሎ በሁለት እጁ ወጠረው፤ ጎተተው፤ ደግሞ ጎተተው።

«ጠማማ ነው» አለ። «ግን አይለቅም።»

ማኪናዋ ቀረችልኝ። ትንሿ ጣቴና ጎረቤቷ እስከ ዛሬ ለፎቶው ታማኝ ናቸው፤ ንቅንቅ አይሉም፣ ስለ እነሱ ሐኪሙ አልተሳሳተም። ሦስቱ ግን የእኔ ናቸው። በእነሱ እሰፋለሁ። የሰፋሁት ኪስ ጠማማ ነው የሚል ካለ፣ ይሂድና ቀጥ ያለውን ፎቶው ይስፋለት።