ያለ ፓስ የተሳፈርኩት እኔ ነኝ

አርባ ምንጭ ባቡር የለም። ላይኛው ሰፈር ሴቻ፣ እኛ ቤት ግን አለ። ጓዳ ውስጥ አንድ አሮጌ የበር መዝጊያ አራት እግር ተሠርቶለት ጠረጴዛ ሆኗል፤ እሱ ላይ ሐዲድ ተዘርግቷል። ሐዲዱ ከደጋው ከጨንቻ የወረደ ቀርከሃ ነው፣ አባቴ ሰንጥቆ በብርጭቆ ስባሪ ያለሰለሰው። ፉርጎዎቹ የቲማቲም ድልህ ጣሳዎች ናቸው። ባቡሩ ከድሬዳዋ ተነስቶ፣ በየትኛውም ካርታ ላይ በሌለ መንገድ መጥቶ፣ የኩልፎን ወንዝ በድልድይ ተሻግሮ ታችኛው ሰፈር ሲቀላ ይገባል። እናቴ «ይሄ ባቡር ጓዳዬን በላው» ትላለች፤ ስትጠርግ ግን ድልድዩን እንዳትነካ ትንፋሿን ይዛ ነው።

አባቴ በወጣትነቱ ድሬዳዋ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር። እናቴ እኔን አርግዛ ሳለ አባቷ ጨንቻ ላይ ታመሙና ሥራውን ትቶ፣ እሷንና ታላቅ እህቴን ይዞ ወደዚህ መጣ። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ ወንበርና ጎማ ሲመዘግብ ኖረ። ከባቡሩ ይዞት የመጣው ፓሱን ብቻ ነው። ፓስ የባቡር ሠራተኛ ከነቤተሰቡ በነፃ የሚሳፈርበት ወረቀት ነው፤ የአባቴ ለሁለት የሚታጠፍ ወፍራም ካርቶን ሆኖ በውስጡ የቤተሰቡ ስም በታይፕ ተጽፎበታል። በመጀመሪያ እናቴ አለች፣ ከሥሯ እህቴ። ከዚያ በታች ባዶ መስመር ነው።

እኔ ያደግኩት ያንን ባዶ መስመር እያየሁ ነው።

እህቴ ስንመጣ ሰባት ዓመቷ ስለነበር ባቡሩን ታስታውሰዋለች። ታስታውሰዋለች ብቻ ሳይሆን አፍ የፈታችበት ይመስል ሌላ ወሬ አልነበራትም። በየጣቢያው በመስኮት ስለሚሸጠው ብርቱካን፣ አዋሽ ሲደረስ ስለሚነፍሰው ትኩስ አየር፣ አባታችን ኮፍያውን አድርጎ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ኪሱን ስለሚዳብስ ታወራለች። እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ አፌን ስከፍት «አንቺ አልነበርሽም እኮ» ትለኛለች። እናቴ ልታጽናናኝ «በሆዴ ይዤሽ ተሳፍረሻል» ስትል እህቴ ፈጠን ብላ «በሆድ አይቆጠርም!» ትላለች። አባቴ ደግሞ ይስቅና «እሷማ ያለ ፓስ የተሳፈረች ናት፤ ባገኛት አወርዳት ነበር» ይላል። ቀልዱ ነው። እኔ ግን ያ ቀልድ በተነገረ ቁጥር ተነስቼ ወደ ደጅ እወጣ ነበር።

ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤት ውስጥ ማንም የለም። ፓሱ የሚቀመጥበትን የብስኩት ቆርቆሮ አወረድኩና ባዶው መስመር ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ስሜን ጻፍኩ። ፊደሉ ተንጋዶ ከመስመሩ ወጣ። እንደጨረስኩ ፈራሁ፤ ምክንያቱም አባቴ ወረቀት ላይ ቀልድ አያውቅም። ፓሱ ላይ ስም ጨምሮ የተገኘን አንድ ትልቅ ሹም በረሃ መሐል ካለ ጣቢያ ላይ እንዴት እንዳወረደው መቶ ጊዜ ነግሮናል። «ስርዝ ድልዝ ካለ ያረመው ሰው ከጎኑ ይፈርማል። ካልፈረመ ተራ ወረቀት ነው» ይል ነበር።

ቆርቆሮውን ቦታው መለስኩና ቁጣውን ስጠብቅ ሳምንት አለፈ። ከዚያ ወር፣ ከዚያ ዓመት። አባቴ ምንም አላለም። አላየውም ብዬ ደመደምኩ፤ እኔም ያንን ቆርቆሮ ዳግመኛ አልከፈትኩም።

አሁን አርባ ሊሞላኝ ነው፣ በዞኑ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ክፍል እሠራለሁ። እህቴ አዲስ አበባ ናት። የጓዳውን ባቡር ከአባቴ ጋር የሠራሁት እኔ ነኝ። ሞተሩን ከተበላሸ ቴፕ የፈታሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲቀላ ወርጄ ሙጫና ሽቦ ፈልጌ በሚኒባስ የተመለስኩ፣ እሱ ዓይኑ ሲደክም ጥፍር የምታህለውን ጎማ ያያዝኩ እኔ ነኝ። በሆዴ «ይሄኛው ባቡር ላይ እንኳ እኔ ነበርኩ፣ አንቺ አልነበርሽም» እላት ነበር።

እህቴ ዘንድሮ ለመስቀል መጣች፣ ባዶ እጇንም አልመጣችም። አንድ ከውጭ የመጣ የባቡር ራስ በካርቶን አቅርባ አባቴ ጭን ላይ አስቀመጠችለት። አረንጓዴ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ በባትሪ ይሄዳል፣ ሲነካ መብራት ያበራል። አባቴ መነጽሩን ወልውሎ አየው፣ ገልብጦ አየው፣ አሸተተው። ከዚያ ሐዲዱ ላይ አስቀመጠው። አልገጠመም። የእኛ ሐዲድ ለእሱ ጎማ ሰፊ ነበር።

«እናጠብበዋለን» አለ አባቴ።

«ምኑን?» አልኩት።

«ሐዲዱን ነዋ።»

ያን ሁሉ ወር ያነጠፍነውን ቀርከሃ በሁለት ቀን ነቃቀለው። የእኛ የጣሳ ባቡር ራስ መስኮት ላይ ቁጭ አለ። እህቴ ምስማር ታቀብለዋለች፣ ይሳሳቃሉ፤ እኔ ወጥ ቤት ገብቼ የታጠበ ድስት መልሼ አጠብኩ። እናቴ «ምን ሆነሽ ነው?» ስትለኝ «ምንም» አልኳት። ቀንቼ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ፣ በአሻንጉሊት ባቡር፣ ዓይኔ ደም እስኪለብስ ቀንቼ ነበር።

በሦስተኛው ቀን እህቴ ስልኳን አውጥታ ለአባቴ አንድ ነገር አሳየችው። በየአገሩ እንደ እሱ ትንንሽ ባቡር የሚሠሩ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ለየባቡራቸው ፓስ ያሳትማሉ፤ ሳሎን ውስጥ ለሚያልቅ ሐዲድ ስም ያወጡለታል፣ ራሳቸውን ሥራ አስኪያጅ ይሾማሉ፣ ፓሱን እንደ እውነተኛ ሠራተኛ እየፈረሙ በፖስታ ይለዋወጣሉ። ማንም አይሳፈርበትም። ግን ፓሱ የተላከለት ሰው የዚያ ባቡር ወዳጅ ነው፣ ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል። አባቴ ይህን ሲሰማ ቀና ብሎ ተቀመጠ።

«እኛም እናሳትማለን» አለ። «መናኸሪያው አጠገብ ያለው ማተሚያ ቤት ካርቶን አያጣም።»

«ናሙና አለን እኮ!» አለች እህቴ። «የድሬዳዋውን ፓስ አምጣው። የእኔና የእማዬ ስም ያለበትን። እሱን አስመስለን እናሠራዋለን።»

የእኔና የእማዬ ስም ያለበትን። ሆን ብላ ያለችው መሰለኝ። ወዲያው ደግሞ ሰማያዊው እስክሪብቶ ትዝ አለኝ። «ያረጀ ወረቀት ምን ይሠራል፣ ሌላ ዓይነት እናሠራ» አልኩ። ማን ሰምቶኝ! አባቴ ቆርቆሮውን ራሱ አወረደው፤ ክዳኑን የከፈተችው እህቴ ናት። አሁን የፈራሁት ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ የጠበቅኩትን የአባቴን ቁጣ ሳይሆን የእሷን ሳቅ ነበር።

ፓሱን ዘረጋችና ጮክ ብላ አነበበች። የእናቴን ስም አነበበች። የራሷን ስም አነበበች፣ ትንሽ አስረዝማ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«ይሄ ምንድነው?» አለች።

ተጠግቼ አየሁ። ስሜ እንደተንጋደደ አለ። ከጎኑ ግን እኔ ያልጻፍኩት ነገር አለ፤ በቀይ እስክሪብቶ፣ ጠበብ ብሎ፣ ቀጥ ያለ የአባቴ ፊርማ። በጡረታ ወረቀቱ ላይ የማውቀው ፊርማ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ።

«አባዬ፣ መቼ ነው የፈረምከው?» አልኩት።

«ያኔውኑ ነዋ። በነጋታው።» የባቡሩን ራስ ጎማ በጨርቅ እየወለወለ ነበር፣ ቀናም አላለ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«እርማቱ ትክክል ነው። ተፈረመበት። ከዚያ ወዲያ ምን ንግግር አለው?»

እናቴ ሳቀች። እኔ መሳቅም ማልቀስም ፈልጌ ሁለቱም እምቢ አሉኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያለ ፓስ የተሳፈርኩ መስሎኝ ስንገበገብ፣ ስሜ ተፈርሞበት ፓሱ ላይ ነበር።

እህቴ ፓሱን አልለቀቀችም። አውራ ጣቷን በታይፕ ከተጻፈው ስሟ በቀኝ በኩል፣ ባዶው ቦታ ላይ አሳረፈች። ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች፣ መልሳ ገለበጠችው።

«የእኔ ላይ ግን አልፈረምክም» አለችው።

ቀልድ አስመስላ፣ ቀስ ብላ ነበር ያለችው። ድምፁን ግን አወቅኩት፤ የራሴ ድምፅ ነው፣ በልጅነቴ የጣቢያው ብርቱካን ሲወራ የነበረኝ። አባቴ ጆሮው ከበድ ያለ ስለሆነ አልሰማትም።

በታይፕ የተጻፈ ስም ፊርማ አያስፈልገውም፤ የሚፈረመው በእጅ የታረመው ላይ ብቻ ነው። መዝገብ ክፍል የምሠራ ሰው ነኝ፣ ይህን በእንቅልፌም አውቀዋለሁ። ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን ይህችን አንዲት ፊርማ ለራሴ ብቻ ላስቀራት ፈለግኩ። ከዚያ ፓሱን ከእጇ ቀስ ብዬ ተቀበልኳት፣ አጥፌ ቆርቆሮው ውስጥ መለስኩት፣ ክዳኑንም ገጠምኩት።