የትሎቹ እናትና የግድቡ ውሃ

ሰው ላም ያረባል፣ ዶሮ ያረባል፤ እሷ የምታረባው ትል ነው። ያውም ደሞዝ ተከፍሏት። ሠፈሩ ስሟን ትቶ "የትሎቹ እናት" ይላታል። የግድቡ ውሃ መርዝ ይኑርበት አይኑርበት የሚታየው በእሷ ትሎች ነው። ሥጋ ላይ የሚርመሰመሱት ዓይነት እንዳይመስሏችሁ፤ የተቆረጠ ሽፋሽፍት ጫፍ ቢያህሉ ነው፣ ያለ ማይክሮስኮፕ የፈለጋቸው ሰው ዓይኑን ያስለቅሳል እንጂ አያያቸውም። ከግድቡ በተቀዳ ውሃ ውስጥ ትጨምራቸውና አሳድራ ታያቸዋለች። ከተወራጩ ከተማው ይጠጣል።

ከተጋደሙ ደግሞ ትነካካቸዋለች፤ ተኝተው ይሆናላ! መርፌ ስለሚወጋቸው ከራሷ ዓይን አንድ ሽፋሽፍት ትነቅልና ስንጥር ጫፍ ላይ በሙጫ ታጣብቃለች። በሱ ጎናቸውን ኮርኮር ታደርጋለች። የሞተ ካልሆነ በቀር ተኮርኩሮ ዝም የሚል የለም።

አምና ያዋረዳት ይኸው ሽፋሽፍት ነው። የጎረቤት ሰርግ ውላ፣ የተኳለችውን ኩል በወጉ ሳትታጠብ ሥራ ገባች። አሮጌው ሽፋሽፍት ተሰብሮ ነበርና አዲስ ነቀለች። ኩሉ ትሎቹ ባሉበት ሳህን ውሃ ውስጥ ተራገፈ። ጠዋት ደህና የነበሩ ትሎች ከምሳ በኋላ በጅምላ ተዘርረው ተገኙ፤ እሷም "ቧንቧውን ዝጉ!" አለች። ከተማው ባዶ ባልዲ ታቅፎ ዋለ። ሲጣራ መርዙ የተገኘው ግድቡ ውስጥ ሳይሆን ዓይኗ ላይ ነው።

የውሃ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲቆጣ እንኳ ይቅርታ እየጠየቀ ነው። "እህቴ፣ ሁለተኛ እንዲህ ከሆነ የትሎቹን ክፍል እዘጋዋለሁ። ከእኔም በላይ አለቃ አለ፤ ስለ ኩል ምን ብዬ ላስረዳው?" አላት።

ከዚያ ወዲህ ኩል በበሯ አላለፈም።

ዘንድሮ አንድ ጠዋት፣ ግድቡ መስታወት መስሎ ተኝቶ፣ ትሎቹን ተጋድመው አገኘቻቸው። ኮረኮረቻቸው። ዝም። ሽፋሽፍቱን ቀየረች፣ ሳህኑን ቀየረች፣ እጇን እስኪቀላ ታጠበች፣ ከግድቡ ሌላ ውሃ አስቀድታ አዲስ ትሎች ጨመረች። ከሰዓት በኋላ እነሱም ተዘረሩ። ለማነጻጸር ንጹህ ውሃ ውስጥ ያኖረቻቸው ጎረቤቶቻቸው ግን እንደ ሕፃን ይቦርቃሉ።

ብትናገርና ብትሳሳት እንጀራዋ ሄደ። ዝም ብትልስ? ማን ያውቅባታል? ትል እንደሆነ አይመሰክር። ይህን ስታወጣ ስታወርድ እህቷ ትዝ አለቻት፤ ከቤታቸው ሥር ፀጉር ቤት ከፍታ ቀኑን ሙሉ የሰው ራስ ስታጥብ ነው የምትውለው። ስልኩን አነሳችና "ዝጉት" አለች።

ብዙም ሳይቆይ እህቷ ደወለች።

"እትዬ፣ ውሃው ሄደ! ሴትየዋ ራሷ አረፋ እንደሆነ ተገትራ ቀርታለች!"

"በፎጣ ጥረጊላት።"

"አንቺ ነሽ አይደል? የዛሬውስ ከየትኛው ዓይንሽ ነው?"

"ጥረጊላት አልኩሽ። ባልዲ ውስጥ የቀረ ካለም እንዳትጠጡ።"

ውሃው ወደ ትልቁ ላቦራቶሪ ተላከ። እዚያ ያለው ማሽን ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ የታዘዘውን መርዝ ሁሉ ፈልጎ "የለም" ብሎ መለሰ። እስከዚያው አዲስ በተቀዳው ውሃ ትሎቹ መቦረቅ ጀመሩ፣ ቧንቧውም ተከፈተ። የመጣው ነገር መጥቶ ሄዷል፤ ወይ ከነጭራሹ አልመጣም። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ስሙን አይናገርም። የዚህ ሥራ ክፋቱ ይኸው ነው፤ ከተማው ሳይታመም ውሎ ካደረ፣ አዳነችው ወይስ በከንቱ አስጠማችው የሚለውን የሚነግራት ሰው የለም።

ኃላፊው የላቦራቶሪውን ወረቀት ይዞ መጣ። በሩ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ማሽኑ ምንም የለም ብሏል። እንግዲህ ምን ልበል?"

"ማሽኑ የሚፈልገው ፈልግ የተባለውን ነው። ትሎቹ ደግሞ ምን እንደሆነ አይነግሩም፤ ይሞታሉ እንጂ። ምን እንደነበር እኔም አላውቅም።"

"አላውቅም ብዬ ለአለቃዬ ልጻፍ?"

የዚያን ቀኑን ውሃ አስቀርታ ነበርና ጠርሙሱን ከመደርደሪያው አውርዳ ብርጭቆ ውስጥ ቀዳች። ጥርት ያለ ነው፤ ያስጎመጃል።

"እኔ አልደፍረውም" አለችው። "እርስዎ ልጠጣው የሚሉ ከሆነ ግን ክፍሉን ይዝጉት፤ አልቀየምም።"

ብርጭቆውን አነሳ። አሸተተው። ወደ መስኮቱ አዙሮ አየው። ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ፣ መልሶ ውሃውን አየ። ከዚያ ክንዱን ዘርግቶ፣ ከልብሱ አርቆ እንደያዘው ወደ ማጠቢያው ሄደና ጫፉ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ይሄ የት ነው የሚደፋው?" አላት።