ላምባ ከበሽሎ ማዶ

የተያዝኩት በሰኔ መግቢያ፣ ረፋዱ ላይ፣ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት አጥር ሥር ተቀምጬ ለአንዲት ባልቴት የመሬት አቤቱታ ስጽፍ ነው። ፖሊሱ ያውቀኛል፤ ለእናቱ የሚልከውን ደብዳቤ የምጽፍለት እኔ ነበርኩ።

«ቀለምህን ክደነው» አለኝ። «ትንሽ ሳትቆይ አትቀርም።»

ያስገባኝ ድሮ የግብር እህል ይከማችበት የነበረ የጭቃ ቤት ውስጥ ነው። መስኮት የለውም። ብርሃን የሚገባው በጣሪያው ቆርቆሮ የሚስማር ቀዳዳዎች ብቻ ነው። ወለሉ ላይ የቆየ የገብስ እብቅ አለ፤ እብቁ ውስጥ ደግሞ ቁንጫ። መጀመሪያ የተቀበለኝ ግን የላምባ ሽታ ነበር። ፋኖስ ያለ መስሎኝ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። የለም። ሽታው የሚመጣው ጥግ ላይ ከተቀመጠ ሽማግሌ ጋቢ ነው።

«ግባ ልጄ፤ ቤቱ ሰፊ ነው» አለ። «በምን መጣህ?»

«ሰው ሰድበሃል ተብዬ።»

«እኔ ደግሞ ተመስግኜ» አለና ሳቀ።

በከተማችን ላምባ የሚሸጡ ሁለት ሱቆች ነበሩ፤ አንዱ በሩ ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ። ቀዩ ዋጋ ሲጨምር ሰው ተናዶ ወደ ሰማያዊው ይሄዳል። በሚቀጥለው ገበያ ሰማያዊውም ይጨምራል፤ ሰው ደግሞ ያንን ረግሞ ወደ ቀዩ ይመለሳል። አንዱን በሌላው የቀጣ ይመስለው ነበር። እኔ ከሱቆቹ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስለነበር አንድ ጠዋት ያልታሰበ ነገር አየሁ። ከደብረ ታቦር የመጡት በቅሎዎች ጭነታቸውን አንድ ግቢ ውስጥ አራገፉ፤ የሁለቱም ሱቅ ሻጮች ከዚያው ከአንዱ በርሜል ቀዱ። ባለቤቱ አንድ ሰው ነው። ለወረዳው ገዥም የቅርብ ወዳጅ ነው።

በሚያዝያ ሰርግ ላይ ይህንኑ ገጠምኩት። ግን ስድብ ብቻውን አይጥምም፤ ሰው ሲነቀፍ ጎን ለጎኑ የሚመሰገን ያስፈልጋል። ከሳይንት በሽሎን እየተሻገረ፣ የደሴን ላምባ ወገዳ ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጥ አንድ ሰው እንዳለ ሰምቼ ነበር። እሱን አሞገስኩ። በእኛ አገር ደግሞ ሰው ሲሞገስ አገሩና ወንዙ ካልተጠራ ሙገሳው ጎደሎ ነው።

በምን እንደተመሰገነ ስጠይቀው ሽማግሌው ያንን ግጥም በዜማ ይልልኝ ጀመር።

«በቀዩ ብገባ በሰማያዊ ብወጣ፣
ያው አንድ ጌታ ነው ላምባ የሚያመጣ፤
ሳይንቴው ይባረክ በሽሎን ተሻግሮ፣
ወገዳ ላይ ሸጠ ዋጋውን... ሰብሮ።»

«ሰባብሮ ነው» አልኩ፣ ሳላስበው። ስንኙ እንዲጎድልብኝ አልፈለግኩም።

ሽማግሌው ቀና ብሎ አየኝ። በጣሪያው ቀዳዳ የገባች ብርሃን ጉንጩ ላይ አርፋለች።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ አባቴ።»

 «የሚስቴን ስም ምነው ተውከው?» አለኝ። «የበቅሎዎቼንስ? የማድርበትን ቤትስ? አገሬን ጠራህ፣ ወንዜን ጠራህ፣ ገበያዬን ጠራህ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከወገዳ ገበያ ጥግ፣ ከሸክላ ሻጮቹ ጀርባ ተቀምጬ ስሸጥ ማንም አላየኝም ነበር። ግጥምህ በወጣ በሁለተኛው ገበያ የገዥው ነጭ ለባሽ መጥቶ በስሜ ሳይሆን ‹ሳይንቴው የታለ?› ብሎ ጠየቀ።»

 ላምባውን ከውኃ ቀላቅለሃል ብለው እንደያዙት ነገረኝ።

«ውኃ ቀላቅለው ነበር?»

«ውኃና ላምባ ይቀላቀላል እንዴ? እንኳን አንተ ገጣሚው፣ በቅሎዬም ታውቃለች።»

ከመያዙ በፊት ባለሱቁ ሰው ልኮበት ነበር። ከእኛ ጋር ግባ፣ ሦስተኛ በር እንክፈትልህ፣ የወደድከውን ቀለም ቀባው፣ ዋጋውን ግን እኛ እንነግርሃለን ብሎ። እምቢ አለ። «ጻድቅ ሆኜ አይደለም» አለኝ። «በርካሽ ሸጬም አተርፍ ነበር። ለምን ብዬ ጌታ ልግዛ?»

አሁን ያስጨነቀው ላምባው አልነበረም። ሦስት በቅሎዎቹ ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ታስረው አንድ እፍኝ ገብስ የሚሰጣቸው የለም። በደጋው ዝናቡ ጀምሯል። በሽሎ ከሞላ እስከ መስከረም የሚሻገረው የለም፤ ማሳው ጦም ያድራል፣ ቤተሰቡም እንዲሁ። የሚፈታው ደግሞ ሁለት ነገር ሲያሟላ ነው፤ ላምባ ዳግም ላያመጣ ሲፈርም፣ እና በከተማው ቤት ንብረት ያለው ዋስ ሲጠራ። እሱን በከተማው የሚያውቀው ቤት ንብረት ያለው ሰው ያ ባለሱቅ ብቻ ነው። ባለሱቁም ዋስ ለመሆን ፈቃደኛ ነው ተባለ። ይህን ስሰማ ግድግዳውን በእግሬ ደበደብኩት። አፈር ረገፈ እንጂ ሌላ ያመጣሁት ነገር የለም።

«ሊፈርሙ ነው?» አልኩት።

«ወንዙ አይጠብቀኝም።»

«እና ዝም ብለው ይፈርማሉ?»

«አንተ እምቢ በልልኝ እንግዲህ፤ እኔ ቤቴ ልግባ።»

ከቀትር በኋላ ሁለታችንንም አስወጡን። ጸሐፊው ታሞ ስለቀረ ውሉን እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ገዥው ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጧል። ባለሱቁ አጠገቡ ነው፤ ሁለት ምስክሮች በር ላይ ቆመዋል። ወረቀትና የራሴን ቀለም ሰጡኝ።

«ጻፍ» አለ ገዥው። «እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተጠቀሰው፣ ወድጄና ፈቅጄ...»

«በሕግ አምላክ!» አለ ሽማግሌው።

ሁላችንም ቆምን። በዚህ ቃል ሩጫም ይቆማል።

«ጌታዬ፣ ላምባውን ትቼዋለሁ። አላመጣም ካልኩ አላመጣም። በውሸት ቃል ላይ ግን ጣቴን አላሳርፍም። ወድጄም አይደለ፣ ፈቅጄም አይደለ። ተገድጄ ይባል።»

ገዥው ወደ እሱ አላየም። ወደ እኔ አየ። «አንተ፣ ያልኩህን ጻፍ።»

 ከመጻፍ ሌላ ሙያ የለኝም። «ተገድጄ» ብዬ ጻፍኩና የቀረውን እሱ እንዳለው ጨረስኩ። ውል ከመፈረሙ በፊት የጻፈው ሰው በምስክር ፊት ማንበብ አለበት፤ አነበብኩ። እዚያ ቃል ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። የሆነ ነገር ይሰበራል ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

ገዥው ወረቀቱን ሊቀድ እጁን ዘረጋ። ባለሱቁ ክንዱን ቀስ ብሎ ያዘው።

«ይተዉት ጌታዬ። ወዶም ይሁን ተገዶ፣ ላምባው ካልመጣ ለእኔ አንድ ነው።»

አላስከፋውም። እንዲያውም ፈገግ አለ። ሽማግሌው አውራ ጣቱን ከቀለሜ ነክሮ አሳረፈ፤ ጣቱንም በጋቢው ጫፍ በጥንቃቄ ጠረገ።

ባለሱቁ ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ ዋስ አለህ? የእጅ ጽሑፍህ ያምራል። ዋስ ልሁንህና ለሱቄ ትጽፍልኛለህ።»

«ሌላ ዋስ እጠብቃለሁ።»

«ማንን?»

«አላውቅም። እርስዎን ግን አይደለም።»

ሽማግሌው በቅሎዎቹን ያለ ጭነት ነድቶ ከመውጣቱ በፊት ወደተመለስኩበት እህል ቤት በር መጣ። ፖሊሱ አልከለከለውም።

«ለመሆኑ ልጄ፣ ከእኔ ላምባ ገዝተህ ታውቃለህ?»

«የለም። ወገዳ ራቀኝ።»

«ከየት ነበር የምትገዛው?»

«ከሰማያዊው።»

ራሱን ነቀነቀ። የተቆጣ አይመስልም ነበር፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «በል እግዜር ያስፈታህ» ብሎ ሄደ።

እኔን ያስፈታኝ አጎቴ ነው። በአገራችን ባለው በቤተ ልሔም ደብር የሚያገለግል ካህን ነው፤ በሐምሌ መጨረሻ ጭቃውን ረግጦ መጥቶ በከተማው ዳር ባለው ርስቱ ዋስ ሆነኝ። ሽማግሌው ውኃው የበቅሎዎቹን ደረት ሲመታ መሻገሩን ኋላ ከአንድ የስማዳ ነጋዴ ሰማሁ። ወገዳ ላይ ግን ዳግም አልታየም። በዚያ ክረምት የላምባው ዋጋ በሁለቱም በር ወጣ፤ ሰውም አንዱን እየረገመ ከሌላው ገዛ። ግጥሜንም እየዘፈኑ ነበር የሚገዙት።

ዛሬም ያ የባለሱቁ ፈገግታ ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ያሰረኝን ሰው ይቅር ማለት እችል ይሆናል፤ እውነቱን በፊቱ ሳነብ ምንም ያልመሰለውን ግን አልቻልኩም። አሁንም ከአጥር ሥር ተቀምጬ ለሰው እጽፋለሁ። የውል ወረቀት ሲመጣልኝ «ወድጄና ፈቅጄ» የሚለው ጋ ስደርስ ባለጉዳዩን ቀና ብዬ አይቼ፣ «እውነት ወደዋል?» ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኛው ይስቅብኛል። አንዳንዱ ዝም ይላል። እስኪመልስልኝ ድረስ ብዕሬን ከወረቀቱ አንስቼ እጠብቃለሁ።