መስታወት ላይ የሚሄድ ጣት

ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ወዳለችው ኬክ ቤት የሚመጡት ሽማግሌ፣ ገና ሳይቀመጡ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ። ከታጠቡ በኋላ ምንም አይነኩም፤ እጃቸውን ወደ ላይ እንደያዙ የመታጠቢያ ቤቱን በር በጀርባቸው ገፍተው ይወጣሉ። አስተናጋጇ ረይሀና ነገሩ ስለገባት ወንበር ትስብላቸዋለች፤ ታብሌታቸውንም ሰው ወደማያየው ጥግ አዙራ ስኳር ማስቀመጫው ላይ ታስደግፍላቸዋለች። ኮታቸው ክርኑ ላይ ሳስቷል፤ ጫማቸው ግን ሁልጊዜ እንደተወለወለ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ፊልም የሚያዩ መስሏት ነበር። ኋላ ነው፣ የድሮ ቀዶ ሐኪም መሆናቸውንና አገር ዳር ያለች ወጣት ሐኪም ኦፕራሲዮን ስታደርግ እያዩ እንደሚመሯት የተረዳችው። ጣታቸውን የታብሌቱ መስታወት ላይ ሲያስኬዱ አረንጓዴ መስመር ይሰመራል፤ ያው መስመር እዚያ ሐኪሟ ፊት ባለው ስክሪን ላይ ይወጣል።

ዛሬ ጣታቸው ከወትሮው ብሶበት ይንቀጠቀጣል።

«ዶክተር፣ መስመሩ ተወላገደብኝ» አለች ሐኪሟ። «በየት በኩል ልቅደድ?»

«መንቀጥቀጡን ተይው፣ እሱ የኔ ነው» አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አንቺ መንገዱን ብቻ ያዢ።»

ረይሀና ትሪዋን እንደያዘች ባለችበት ቆመች። ብዙ ቆይቶ የሽማግሌው ፊት ፈታ አለ።

«እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ» ብለው አረንጓዴውን መስመር አጠፉና እጃቸውን ጠረጴዛው ስር ደበቁ።

ረይሀና እንዳይፈስባቸው በትልቅ ስኒ እስከ ግማሽ ብቻ የቀዳችውን ማኪያቶ አቀረበችላቸው።

«የእርስዎም እጅ ይባረክ፣ ጋሼ» አለቻቸው።