ለጠብ የተቀጠረው ኖላዊ

ኖላዊ ዘገዬ የሠላሳ ሦስት ዓመት ሰው ሲሆን ሙያው የበረዶ ሆኪ መጫወት ነው። ይህ ነገር በአሜሪካ፣ በሲልቨር ስፕሪንጉ የአማርኛ የጸሎት ጉባኤ በተነገረ ቁጥር ሰሚው «ጎን ለጎን ትምህርት አለው?» ብሎ ይጠይቃል።

ወደ ሙያው ያስገባው የቤት ማቀዝቀዣ፣ የኤሲ ብልሽት ነው። በሰባት ዓመቱ፣ በአንድ የሐምሌ ሙቀት፣ የአፓርታማቸው ኤሲ ቆመ። እናቱ ወይዘሮ ምህረት እስኪጠገን ድረስ ልጃቸውን ይዘው ዊተን ወዳለው፣ በጋ ከክረምት በአዳራሽ ውስጥ ወደሚሠራው የበረዶ መንሸራተቻ ሜዳ ተመላለሱ። ሐሳባቸው ልጁ እንዲቀዘቅዝላቸው ብቻ ነበር። ኤሲው በሁለት ሳምንት ተሠራ፤ ልጁ ግን ከበረዶው አልወረደም።

አድጎ ከትልቁ ሊግ ሁለት ደረጃ ዝቅ ባለ አንድ የፔንስልቬንያ ቡድን ተቀጠረ። በዘጠኝ ዓመት አራት ጎል አስቆጥሯል፤ ከአራቱ አንዱ ጀርባውን ነክቶ የገባ ነው። ቡድኑ ያቆየው ለጎል አልነበረም፤ ለመደባደብ ነበር።

በዚህ ጨዋታ ጠብ ራሱን የቻለ የሥራ መደብ ነው። የአንዱ ቡድን ጉልቤ ከሌላው ጉልቤ ጋር በዓይን ይስማማል፤ ሁለቱም ጓንታቸውን ይጥላሉ፤ አንዱ እስኪወድቅ ዳኞቹ ቆመው ይጠብቃሉ። ከዚያ ሁለቱ በየቅጣት ሳጥናቸው አምስት አምስት ደቂቃ ተቀምጠው በመስታወት ውስጥ ይተያያሉ። ቂም የሚባል ነገር የለም። ኖላዊ አብዝቶ የተደባደበው ሀቢብ ከሚባል ትውልደ ሊባኖስ ካናዳዊ ጋር ነው፤ አሥራ አንድ ጊዜ። ሀቢብ ልጅ ሲወለድለት መጀመሪያ ቴክስት ያደረገው ለኖላዊ ነበር።

ወይዘሮ ምህረት ይህን ሁሉ አያውቁም። የልጃቸውን አፍንጫ መጣመም የበረዶው አመል ነው ብለው ተቀብለውታል። በየረቡዑ ጸሎት «እንዳይንሸራተትብኝ» እያሉ ያስጸልያሉ። መንሸራተት ሥራው ለሆነ ሰው ይህ ጸሎት ባይሰማ ይሻላል።

ያን ክረምት ኖላዊ ጭንቅ ላይ ነበር። ቀኝ እጁ ሁለት ጊዜ ተሰብሮ ጠዋት ጠዋት የሸሚዝ ቁልፍ አይቆልፍለትም። ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። አሠልጣኙ አንድ ተስፋ ሰጥቶት ነበር፤ የወቅቱን ቀሪ ጨዋታዎች እየተደባደበ ከጨረሰ በሚቀጥለው ዓመት ረዳት አሠልጣኝ ያደርገዋል። ካልተደባደበ ግን የልብስ ሳጥኑን ባዶ ያደርጋል። ኖላዊ ያን ረዳትነት የሚሰምጥ ሰው ገመድ እንደሚጨብጥ ጨብጦት ነበር።

እንግዲህ ጉባኤው በሁለት ቫን ተጭኖ ሊያየው የመጣው በዚህ መካከል ነው። ወይዘሮ ምህረትም አብረው መጥተዋል። መሪያቸው ጋሼ ሠረቀብርሃን ነበሩ። በአገር ቤት የጂኦግራፊ መምህር፣ በሲልቨር ስፕሪንግ የመኪና ማቆሚያ ኃላፊ፣ በትርፍ ጊዜያቸው ደግሞ ከጀርመንታውን ሰፈር እስከ ላንድማርክ ሰፈር ድረስ የተጣላ ባልና ሚስት የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ኖላዊና የተጋጣሚው ቡድን ጉልቤ ሀቢብ ጓንታቸውን ጣሉ። ጋሼ ሠረቀብርሃን ብድግ ብለው ሜዳውን የከበበውን መስታወት በመዳፋቸው ደበደቡ። ዳኞቹ ዞር አላሉም። ዙሪያውን ቢያዩ ሰው ሁሉ ቆሞ ያጨበጭባል።

«ሁለት ሺህ ሰው ባለበት» አሉ ወደ ወይዘሮ ምህረት ዞረው፣ «አንድ ገላጋይ ይጥፋ?»

ወይዘሮ ምህረት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው የልጃቸውን እጅ ያዩ ነበር።

ጨዋታው ሲያልቅ ሽማግሌው ወይዘሮ ምህረትንና ሁለት ሰው አስከትለው የተጫዋቾቹ ኮሪደር ውስጥ ገቡና ሀቢብን አገጩ ላይ በረዶ ይዞ አገኙት። ኖላዊ ተጠርቶ መጣ።

«ምን በድሎህ ነው?»

«ምንም ጋሼ። ጆብ ነው። አክችዋሊ ጓደኛዬ ነው።»

«ጓደኛህን ነው እንዲህ ያደረግኸው?» ቀና ብለው ሀቢብን አዩት። «በል አስተርጉምልኝ። ሁለተኛ እጅ ላታነሱ ቃል ትገባላችሁ።»

ኖላዊ ሲያስተረጉም ነገሩ ቀልድ መሆኑን ለሀቢብ በዓይኑ ሊነግረው ሞከረ። ሀቢብ ግን ሽማግሌ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ የአያቱ ቤት በየሳምንቱ አስታራቂ አይጠፋውም ነበር። በረዶውን አስቀምጦ ተነሣ፤ ጎንበስ ብሎ እሺ አለ። ኖላዊም እናቱ ፊት እሺ ከማለት ሌላ አማራጭ አልነበረውም። ተቃቀፉ። ለመንገድ የተያዘው ድፎ ዳቦ ተቆረሰና አብረው በሉ።

ከአሥር ቀን በኋላ ሁለቱ ቡድኖች እንደገና ተገናኙ። አሠልጣኙ ያዘዘው ያንኑ ጠብ ነበር። ኖላዊ ጓንቱን ጣለ። ሀቢብ አልጣለም።

«ምታኝ» አለው ኖላዊ፣ ማልያውን ጨብጦ።

«ዳቦ በላን እኮ።»

«ለወጉ ያህል አንድ ጊዜ ብቻ። ፕሊስ ማን፣ ሊያባርሩኝ ነው።»

ሀቢብ እጆቹን ወደታች አደረገ። ፊቱ ያዘነ ሰው ፊት ነበር። «ለአዛውንት እሺ ብያለሁ» አለ።

ኖላዊ ጡጫውን አንሥቶ ጥቂት ቆየና አወረደው። እጁን የሰበሰበ ሰው ለመምታት አልሠለጠነም። ዳኛው ጠብ ጫሪ ብሎ እሱን ብቻ ሁለት ደቂቃ ቀጣው። ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ቀና ሲል ወዲያ ማዶ ያለው ሳጥን ባዶ ነበር፤ በዘጠኝ ዓመት እንዲህ ብቻውን ተቀምጦ አያውቅም። ሁለት ደቂቃው ሳያልቅ አንድ ሰው በጎደለው ቡድኑ ላይ ጎል ገባ። ሰኞ ጠዋት አሠልጣኙ ኮል አደረገው፤ ንግግሩ አጭር ነበር።

እሑድ፣ ከጉባኤው ደጃፍ፣ ጋሼ ሠረቀብርሃን ያዙት።

«ያ ልጅ እንዴት ነው? ተገናኛችሁ?»

«ተገናኘን ጋሼ። አልነካኝም።»

«ቃሉን የሚያከብር ልጅ ነው።»

«ያከብራል። እኔን በዚያ ምክንያት ፋየር አደረጉኝ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። ኖላዊ ነገሩን ከጓንቱ እስከ ረዳትነቱ ሲነግራቸው ሳያቋርጡ ሰሙት። ሲጨርስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

«እንግዲህ ያስባረርኩህ እኔ ነኝ።»

«ኖ፣ ጋሼ፣ እርስዎ እንኳ...»

«አሠልጣኝህ የት ነው የሚኖረው?»

«ፔንስልቬንያ። ሦስት ሰዓት ያስነዳል።»

«ሽማግሌ ልከህበታል?»

«አሠልጣኝ ላይ ሽማግሌ አይላክም ጋሼ።»

«ተሞክሯል?»

ኖላዊ እስከዚያ ቀን ለዘጠኝ ቡድን ደውሎ ዘጠኙም ስንት ጎል እንዳለው ሳይሆን እጁ ይሠራ እንደሆነ ጠይቀውታል። ወይዘሮ ምህረት በዚህ መካከል ከጉባኤው ኪችን ብቅ ብለው አንድ ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው አመጡና ሳይናገሩ ለሽማግሌው አስታቀፏቸው።

ኖላዊ ለፔንስልቬንያው መንገድ መኪናውን አምጥቶ ደጃፉ ላይ አቆመ። የፊት ወንበሩ ላይ የተቀመጡትን ጓንቶች አንሥቶ ወደ ኋላ ወረወረና ለጋሼ ሠረቀብርሃን በሩን ከፈተላቸው።